የጎረቤት ጎርፍ ሰርቪስ ቤት እየገባብን ነው፣ ምን ይሻላል? (ድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

ሳቢያን_ነኝ
ሰላም ለሁላችሁም። የምንኖረው ሳቢያን ነው። ከኋላችን ያሉት ጎረቤት በበጋ ግቢያቸውን በገረጋንቲ ደልድለው ከፍ አደረጉት። ከዚያ ዙሪያውን ሊሾ አስደረጉ። አንድ አዲስ ቤትም ጨመሩ። ጣሪያው ወደ እኛ አጥር ነው የሚያፈሰው፣ አሸንዳ የለውም።

ዱሮ ዝናብ ሲጥል አሸዋው ይመጠው ነበር። አሁን ገና ማካፋት ሲጀምር ውሃው በአጥሩ ሥር እየሾለከ ሰርቪስ ቤታችን ይገባል። ኩሽናው እዚያ ነው። እናቴ የምታድርበት ክፍልም እዚያው ነው። ግድግዳው እስከ ጉልበት ረጥቦ ቀለሙ እየተላጠ ነው። አጥሩ ብሎኬት ነው፣ ወደ እኛ መዝመም ጀምሯል።

ሰውየው ክፉ አይደሉም። አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ሳነሳባቸው ግን «ልጄ፣ ዝናብ ከአላህ ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» ብለው አለፉት። ወንድሜ ደግሞ የአጥሩን ሥር በአርማታ ሞልተን እንድፈነው ይላል። ክረምቱ ሳይከር መላ በሉኝ።

አቦ_ድሬ
አቦ ወንድምሽ ልክ ነው! ድፈኑት። ውሃው ተመልሶ ሳሎናቸው ሲገባ አሸንዳ የት እንደሚሸጥ ያውቃሉ። ዝናቡ ከአላህ ነው፣ ሊሾው ግን ከሳቸው ነው።

ግንበኛው
ኧረ ተዉ፣ ይሄን እንዳትሰሚው። የብሎኬት አጥር ውሃ እንዲያቁር አልተሠራም። አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ አንድ ቶን ነው። ከአጥሩ ጀርባ 1 ሜትር ከፍታ ቢያቁር በእያንዳንዱ የአጥር ሜትር ላይ ግማሽ ቶን ያህል ይገፋል። አጥራችሁ 10 ሜትር ቢሆን 5 ቶን ነው። የረጠበው ገረጋንቲ የሚጨምረው ገና አልተቆጠረም። ያውም አጥሩ አሁኑኑ ዘሟል ብለሻል። ኮለንና ቢም (የአርማታ ቋሚና አግዳሚ) ከሌለው የሚወድቀው ወደ እናንተ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የድፈናው ተቃራኒ ነው። ከአጥሩ ሥር ቀዳዳ ይውጣለት። ከ50 ሚሊ ፒቪሲ ቁራጭ፣ በየሜትር ተኩሉ አንድ፣ ትንሽ ወደ እናንተ ያዘነበለ። ከዚያ በእናንተ በኩል ከቀዳዳዎቹ ሥር ቦይ ይዞረውና ውሃው ወደ በር ይሄዳል። የምትፈልጉት ውሃው ቤት ሳይነካ እንዲያልፍ ነው። ግቢያችሁን በጭራሽ አይረግጥም ካላችሁ ትርፉ ጠብ ነው።

እስከዚያ ሲዘንብ እናትሽ እዚያ ክፍል አይተኙ። ይሄን አጥብቄ ነው የምልሽ።

አሁን የምጠይቅሽ አለ። ዝናብ ባልጣለበት ሳምንትም ግድግዳው ይረጥባል? ፊት ለፊታችሁ ያለው መንገድ ዲች አለው? የጎረቤትሽ መንገድስ ከናንተ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?

ሳቢያን_ነኝ
ዝናብ ካልጣለ ደረቅ ነው። በእሳቸው በኩል ያለው መንገድ ከፍ ይላል፣ ዲችም የለውም። በእኛ በኩል ዲች አለ፣ ግን በሃይላንድና በጫት ፌስታል ከተሞላ ቆየ።

ግንበኛው
ጥሩ፣ ዝናብ በሌለበት ካልረጠበ የተሰበረ የውሃ መስመር ወይም የሚያፈስ ሴፕቲክ አይደለም ማለት ነው። ብዙ ሰው ይሄን ሳያጣራ ቦይ ያስቆፍርና ችግሩ ከሮቶ የሚያፈስ ቧንቧ ሆኖ ይገኛል።

የመንገዱን ከፍታ በዓይን አትመኚ። የውሃ ልክ ጎማ ያዢ፣ ያ ነጩ የሚያሳየው። ውሃ ሙዪበት፣ አንዱን ጫፍ ከአጥሩ ሥር፣ ሌላውን ዲቹ አፍ ላይ ያዙት። ልዩነቱን ይነግርሻል። ቢያንስ በሜትር 1 ሴንቲ ዝቅታ ካገኘሽ ውሃው በራሱ ይሄዳል። ካላገኘሽ ሌላ ንግግር ነው።

የመስመር_ሰው
ቧንቧ ሠራተኛ ነኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ጣሪያ ስንት ውሃ እንደሚያወርድ አይገምትም። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። የሰውየው ጣሪያ 120 ካሬ ነው እንበል፣ 20 ሚሊ ዝናብ ቢጥል 2,400 ሊትር ነው። 12 በርሜል መሆኑ ነው። የድሬ ዝናብ ደግሞ እንደ አዲስ አበባ ቀስ ብሎ ሲያካፋ አይውልም። መጥቶ ዱብ አድርጎ ይሄዳል። 12 በርሜል በግማሽ ሰዓት አጥራችሁ ሥር ተደፋ ማለት ነው። የሊሾው ደግሞ ለብቻው።

ስለዚህ የትኛውም ቦይ ከመቆፈሩ በፊት አሸንዳ። የችግሩ ትልቁ ክፍል ጣሪያው ከሆነ በአሸንዳና በአንድ መውረጃ ቱቦ ይቀላል። አሸንዳው በ3 ሜትር 1 ሴንቲ ያህል ይዘንብል፣ ጠፍጣፋ ከሆነ ያቁርና ዝገቱም ትንኙም ይመጣል። መውረጃው በነሱ ግቢ ይውረድ። እንደገና አጥሩ ሥር ካፈሰሰው ምን ተሠራ?

አቦ_ድሬ
ሰውየው አሸንዳ የመስቀል ፍላጎት ቢኖራቸውማ እስካሁን ሰቅለውት ነበር እኮ። ሁላችሁም ስለ ቱቦ ታወራላችሁ። ክሰሺያቸው በቃ።

ሕግ_አንባቢ
ክስ ይቻላል፣ ግን ቅደም ተከተል አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የ1952 ነው። ቁጥር 1225 ባለሀብት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳይጎዳና ሁከት እንዳይፈጥርበት ይከለክለዋል። ቁጥር 1149 ደግሞ ይዞታው የታወከበት ሰው ሁከቱ እንዲቆምለትና ለደረሰበት ጉዳት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ሰው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚለው ክስ ይሄ ነው። ይሄኛው በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ይወድቃል። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያውም በቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው። «ዘንድሮን እንየው፣ ከርሞን እንየው» እያሉ የሚቆዩ ሰዎች የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው።

ፍርድ ቤቱ የሚያየው ዋና ነገር ምን መሰላችሁ? ውሃው ዱሮም በተፈጥሮ ከላይ ወደ ታች ይወርድ የነበረ ነው ወይስ ሰው ሠርቶ ያመጣው ነው? ዝቅ ያለ መሬት ላይ የሠራ ሰው ከላይ የሚወርደውን የተፈጥሮ ውሃ ሁሉ ጎረቤቱ ላይ መጫን አይችልም። እዚህ ጋ ግን መሬት ተደልድሏል፣ ሊሾ ተደርጓል፣ ጣሪያ ወደ አጥር ተዘንብሏል። ይሄ የሰው ሥራ ነው። ይሄን ነው ማሳየት ያለብሽ።

ስለዚህ እየዘነበ ቪዲዮ ቅረጪ፣ ውሃው ከየት እንደሚነሳ የሚታይ ይሁን። የዱሮ ፎቶ ካለሽ፣ የልደትም ይሁን የሠርግ፣ አጥሩ ቀጥ ብሎ የሚታይበት ወርቅ ነው። ለቀበሌው በጽሑፍ አመልክቺና መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊው፣ ቁጥሩን ያዢ። ቤቱ አዲስ ከሆነ የግንባታ ፈቃድ ስላለ የሕንፃ ሹም የሚባለው ክፍል ሄደሽ የጣሪያ ውሃ ወዴት እንዲፈስ እንደተፈቀደ ጠይቂ። አንዳንዴ ባለሙያ መጥቶ አይቶ አንድ ደብዳቤ መጻፉ ብቻ ነገሩን ይጨርሰዋል።

አቦ_ድሬ
ይኸው! ክሰሺ ያልኩት ልክ ነው ማለት ነው።

ሕግ_አንባቢ
ወንድሜ፣ ያልኩትን ሙሉውን አንብበው። ክስ ተከፍቶ ባለሙያ ተመድቦ ሪፖርት እስኪመጣ ክረምቱ ያልቃል። የሴትየዋ ግድግዳ ቀጠሮ አይጠብቅም።

የከዚራ_እናት
ልጄ፣ እኔ ይሄን ሁሉ ሕግ አላውቅም። ሽማግሌ ግን አውቃለሁ። ሰውየው «ዝናብ ከአላህ ነው» ያሉሽ ስላልታያቸው ነው። አንቺ የነገርሻቸው ፀሐይ ወጥቶ፣ አስፋልቱ ደርቆ ይሆናል። እንዲህ አድርጊ። ደመናው ሲከብድ ልጅ ላኪና «አባባ፣ ቡና ጠጡ» በያቸው። ቡናው ኩሽናው ውስጥ ይፈላ። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው እግራቸው ሥር ሲገባ ይዩት። ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አትናገሪ።

ሁለተኛ ነገር፣ ከሳቸው ጋር መስጊድ የሚሄድ፣ አባትሽንም የሚያውቅ ትልቅ ሰው ይዘሽ ሂጂ። በምንም ተዓምር ወንድምሽን ይዘሽ አትሂጂ። የጎረምሳ ድምፅ ነገር ያበላሻል። ጠዋት ከሥራ በፊት ሂዱ፣ ከሰዓት ሰው በርጫ ላይ ይሆናል፣ «እሺ፣ እሺ» ብሎ ይረሳዋል።

ድሬ ውሃ ስትባል እኔ አልስቅም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲመጣ እዚህ ከተማው ላይ ያን ያህል አልጣለም ነበር። ከላይ ከደጋው የዘነበው ነው ወርዶ የመታን። ከ200 በላይ ሰው ነው የሄደው። ስለዚህ «እኔ ግቢ አልዘነበም»፣ «የኔ ውሃ አይደለም» የሚባለው ነገር ለኔ አይገባኝም።

ሳቢያን_ነኝ
እትዬ፣ የቡናውን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ነፍስ ይማር ለሁሉም። የአባቴን ጓደኛ አናግሬያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል።

ጀጎል_ውስጥ
ከሐረር ነኝ። እናንተ አሸዋ አላችሁ፣ ይመጥላችኋል። እኛ ጀጎል ውስጥ ቁልቁለት ላይ ነን፣ ቤት ከቤት ግድግዳ ይጋራል፣ ብዙ ቤተሰብ አንድ አባድ፣ ማለትም አንድ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። የጎረቤት ውሃ ማለት ያንተ ግድግዳ ሆድ ውስጥ ያለ ውሃ ማለት ነው።

የምናገረው ስለ ግድግዳው ነው፣ ማንም ስላላነሳው። አንድ ዘመዴ የድንጋይና የጭቃ ግንቡ ሲረጥብበት በሲሚንቶ ለሰነው። ከውጭ አማረ። እርጥበቱ ግን መውጫ አጣና ግንቡን ይዞ ወደ ላይ ወጣ፣ ክረምቱ ሲያልፍ ልስኑ በሙሉ እንደ እንጀራ ተነሳ። በኖራ ቢሆን ይተነፍስ ነበር። ያውም ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ቅርሱን የሚጠብቀውን ቢሮ ሳይጠይቅ መንካትም አልነበረበትም።

ያንቺ ብሎኬት ስለሆነ ነገሩ ይለያል። ግን ውሃው ሳይቆም ቀለም አትቀቢ፣ አትለስኚ። የተላጠውን ፍቀሽ ጣዪ፣ መስኮት ክፈቺ፣ በጋ ይድረቅ። ገንዘብሽን ለቦዩ አቆዪው።

ለገሃሬ
ስለ ጠጠር ቦይ ማንም አላወራም? እኔ ቤት የሠራው እሱ ነው። ከ40 ሳንቲ ስፋት፣ ከ50 እስከ 60 ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተጋድሞ፣ 02 ጠጠር ተሞልቶ ጨርቁ ከላይ ይታጠፋል። ውሃው ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ በቱቦው ይሄዳል። ላዩ ላይ መራመድ ትችላለህ።

ግንበኛው
ለገሃሬ፣ ላንተ ቦታ ልክ ነው። የሷ ውሃ ግን የገረጋንቲ አፈር ይዞ የሚመጣ ድፍርስ ነው። ያለ ማጥለያ ከገባ ጠጠሩ በሁለት ክረምት ይደፈናል፣ ከዚያ ከፍቶ ማጠብ ነው። ለሷ ላዩ ክፍት የሆነ፣ በሊሾ የተሠራ ቦይ ይሻላታል። በመጥረጊያ ትጠርገዋለች። መጀመሪያው ላይ አንድ ፖዜቶ፣ ማለትም ውሃው የሚያርፍበት ትንሽ ጉድጓድ፣ ይሁንበት፣ ሥሩ ከቱቦው አፍ 30 ሳንቲ ዝቅ ይበል። ደለሉ እዚያ ይቀመጣል፣ በአካፋ ይወጣል።

ቁፋሮውን ግን በጥንቃቄ። ከአጥሩ መሠረት በታች አትቆፍሩ። አጥሩ የዘመመ ስለሆነ ቢያንስ 60፣ 70 ሳንቲ ራቅ ይበል። በአንድ ጊዜ ሙሉውን አትክፈቱ፣ 3 ሜትር 3 ሜትር እየጨረሳችሁ ሂዱ።

ሌላ ቦታ ያላችሁ ሰዎች «ጉድጓድ ቆፍሬ ላስምጠው» ካላችሁ በድሬ አሸዋ ይሠራል፣ ግን ከቤት መሠረት ቢያንስ 5 ሜትር ይራቅ። ከሽንት ቤት ጉድጓድም አርቁት። እኔ ከቤቱ ጥግ ተጣብቆ የተቆፈረ አይቻለሁ። የቤቱ ማዕዘን ተሰንጥቆ እጅ ያስገባ ነበር።

ነርሷ_ከአዲስ_ከተማ
ሁላችሁም ውሃውን ስለማስወጣት ታወራላችሁ፣ እኔ ስለሚቀረው ልናገር። እዚህ ከተማ ዴንጊ የሚባለው የትኩሳት በሽታ በ2006 ገብቶ ነበር። በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ ግማሽ ሰፈሩን አልጋ ላይ አዋለው፣ መገጣጠሚያው አልታዘዝ ብሎት እየተጎተተ የሚመጣውን ሰው ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትራባው ረግረግ ላይ ሳይሆን እንደ በርሜል፣ ጎማና የአበባ ሳህን ያለ ንጹሕ ውሃ ላይ ነው። አሸንዳውን በርሜል ላይ ልታወርዱት ካሰባችሁ በወንፊት ሸፍኑት። ክዳኑ ክፍት የሆነ በርሜል ይዞ ዝናብ መሰብሰብ ይቅርባችሁ።

የመስመር_ሰው
ነርሷ እውነቷን ነው። ግን በርሜሉን አትጥሉት። የሳቢያን ጉድጓድ ውሃ ከባድ ነው፣ ጀበናና ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋገረው ለዚህ ነው። የዝናብ ውሃ ለልብስ ማጠቢያ ሳሙና ይቆጥባል። ሰውየው ሮቶ ካላቸው አሸንዳቸውን ወደ ራሳቸው ሮቶ ማስገባት ይቻላል፣ የመጀመሪያው አቧራማ ውሃ እንዲፈስ አድርጎ። ለሳቸው ጥቅም አድርገሽ ብታቀርቢው ይቀላል። «ውሃዎን ወደኛ እየደፉት ነው» ማለትና «ውሃዎን እየጣሉት ነው» ማለት ልዩ ነው።

ሳቢያን_ነኝ
ዝናቡ ሲመጣ ቡናው ላይ ነበርን። ውሃው ገባ። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ጫማቸውን ብቻ አነሱ። በማግስቱ የአባቴ ጓደኛ ባለበት ተነጋገርን። አሸንዳውን በራሳቸው ወጪ ይሰቅላሉ፣ ውሃውንም ወደ ሮቷቸው። የሊሾው ውሃ ግን ወደ እነሱ መንገድ አይወጣም፣ በጎማ ለክተነዋል፣ መንገዱ ይበልጣል። ወደ እኛ ዲች ግን ከበቂ በላይ ዝቅታ አለ። ስለዚህ በእኛ ግቢ ቱቦ እንዲያልፍ ይፈልጋሉ። ወንድሜ «በኛ ግቢ የሰው ቱቦ አይቀበርም» ብሎ አኩርፏል። ወጪውስ የማን ነው?

አቦ_ድሬ
ወንድምሽ ልክ ነው፣ እኔ እሱን እደግፋለሁ። ዛሬ ቱቦ፣ ነገ «መሬቱም የኔ ነው»።

ሕግ_አንባቢ
አቦ ድሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ቱቦ በሰው ግቢ ለዓመታት ሲያልፍ በኋላ ክርክር ያመጣል፣ በተለይ ቤቱ ሲሸጥ ወይም ለወራሾች ሲተላለፍ። ስለዚህ አሁን በፍቅር እያላችሁ ጻፉት። አንድ ገጽ ይበቃል። ቱቦው በየት እንደሚያልፍ፣ ስፋቱ፣ የዝናብ ውሃ ብቻ እንደሚገባበትና ፍሳሽ እንደማይቀላቀልበት፣ ማን እንደሚጠርገው፣ ቢሰበር ማን እንደሚጠግነው። ሁለታችሁም ፈርሙ፣ ሦስት ምስክር። ፍሳሽ የሚለውን አትርሺው፣ አንድ ቀን የልብስ ማጠቢያው ይጨመራል፣ ከዚያ የሽንት ቤቱ።

ወጪው ላይ ሕጉን ብትጠይቂኝ ውሃውን ያመጣው ይክፈል ነው። ተጠይቆ እምቢ ያላለን ሰው ግን ጨርሰሽ አታስጨንቂው።

ግንበኛው
ብዙ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ነው። ቱቦውንና ሲሚንቶውን ባለውሃው ይገዛል፣ የጉልበቱን ባለግቢው ይችላል። የናንተ ጥቅምም አለበት፣ የራሳችሁ ጣሪያ ውሃም እዚያው ይገባል። ለ110 ሚሊ ቱቦ አትስማሚ። በሜትር 1 ሳንቲ ዝቅታ ላይ ለሁለት ጣሪያ ውሃውን ሊወስድ ይችላል፣ ግን ደለልና ፌስታል ከገባበት አለቀ። 160 አድርጉት። አፉ ላይ ተነቃይ ፍርግርግ ይኑር። የታሰረ ፍርግርግ ማንም አያጸዳውም።

የመንገዱን ዲች ሳትጠርጉ ግን ቱቦ አትቅበሩ። የሞላ ዲች ላይ ቱቦ ካገናኛችሁ ጎርፉ በቱቦው ተመልሶ ይመጣላችኋል፣ በዚህኛው ጊዜ ከፊት በኩል። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቡ፣ ቀበሌው መኪና ከሰጠ የወጣውን ደለል ያንሳላችሁ፣ ዳር ላይ ከተውት ተመልሶ ይገባል።

የከዚራ_እናት
ወንድሙን ለኔ ተዉት። ልጄ፣ ሥራውን ለሱ ስጪው። ቁፋሮውን የሚቆጣጠረው እሱ ይሁን፣ ከሰውየው ጋር ሲሚንቶ ለመግዛት አብሮ ይሂድ። ጎረምሳ ኃላፊ ሲሆን ያኮረፈበትን ይረሳል።

ሳቢያን_ነኝ
ሃሃሃ፣ እትዬ ገብቶኛል። ግንበኛ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። ቱቦው ከተዘረጋ በኋላ ወዲያው አፈር እንመልስበት?

ግንበኛው
አይ፣ ቆይ። መገጣጠሚያዎቹ በአፈር ሳይሸፈኑ አንድ በርሜል ውሃ ከላይ ፖዜቶው ላይ በአንድ ጊዜ ድፉ። አንድ ሰው ዲቹ ጋ ይቁም። ውሃው ቶሎ ከደረሰና ቱቦው ውስጥ ተኝቶ የሚቀር ከሌለ ጥሩ ነው። መሃል ላይ ካቆረ ከሥሩ አሸዋ ጨምራችሁ አስተካክሉና ድገሙት። ከዚያ በደቃቅ አሸዋ ዙሪያውን ሙሉ፣ ድንጋይ በቀጥታ ቱቦው ላይ አይረፍ። መኪና የምታስገቡበት ከሆነ ደግሞ ከላዩ አርማታ ያስፈልገዋል። የግቢያችሁን በር ስፋት ንገሪኝና ውፍረቱን ልንገርሽ።